በበቆሎ ማሳ ውስጥ የተደበቁት ገጾች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

«ሰላም ላንተ ይሁን ጋሼ። ሳቢያን ነው የምኖረው። ልጄ አሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚባል ከተማ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። አከራዮቹ ሞርሞኖች ናቸው። ሲታመም ሾርባ ይዘው ይመጡለታል፤ ቡና ግን በአፋቸው አይዞርም አለኝና ለእኔ ለሐረርጌ ሰው ያ ራሱ ጉድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በስልክ ‹እማ፣ የእነዚህ ሰዎች ቅድመ አያቶች ይጥፉ ተብሎ በመንግሥት ደብዳቤ ታዞባቸው ነበር› አለኝ። አሜሪካ ውስጥ! እውነት ነው? ከሆነስ የተቀጣ ሰው አለ? ደብዳቤውስ የት ደረሰ?»
እናት፣ ከሳቢያን

እህቴ፣ ልጅሽ እውነቱን ነው የነገረሽ። አንተ ብለሽ ስለጻፍሽልኝም ደስ ብሎኛል፤ ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው አንቱ ሲባል የራቁት ይመስለዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ደብዳቤውን የጻፈው የሚዙሪ ግዛት አገረ ገዥ ሊልበርን ቦግስ ነው። ቀኑ ኦክቶበር 27 ቀን 1838 ነበር። ለሚሊሻው ጄኔራል የላከው ትእዛዝ «ሞርሞኖች እንደ ጠላት መታየት አለባቸው፤ ለሕዝብ ሰላም አስፈላጊ ከሆነም መጥፋት ወይም ከግዛቱ መባረር አለባቸው» ይላል። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ስሠራ ብዙ ክፉ ወረቀት በእጄ አልፏል። ይህን ሳነብ ግን «ለሕዝብ ሰላም» የምትለዋ ሐረግ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። የሚባረሩትም ሕዝብ ነበሩ፤ ግብር የሚከፍሉ፣ መሬታቸውን ከመንግሥት በገንዘባቸው የገዙ ዜጎች።

እንዴት እዚያ ተደረሰ? ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል የገበሬ ልጅ በኒውዮርክ ግዛት መልአክ ተገልጦልኝ የወርቅ ሰሌዳ ሰጠኝ አለና ኤፕሪል 6 ቀን 1830 ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። ሞርሞን የሚባሉት ተከታዮቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሚዙሪ፣ ጃክሰን አውራጃ መጉረፍ ጀመሩ። «ይህች ምድር ጽዮን ናት፣ እግዚአብሔር ለእኛ ሰጥቶናል» ይሉ ነበር። እስኪ አስቢው፤ ጎረቤትሽ አጥሩ ላይ ቆሞ የቆምሽበት መሬት በሰማይ በስሜ ተመዝግቧል ቢልሽ! በዚያ ላይ ሚዙሪ ባሪያ የሚገዛበት ግዛት ነበር፤ መጤዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ባሪያ ከሌለበት ከሰሜን የመጡ ነበሩ። ምርጫ ሲመጣም ድምፃቸውን በአንድነት ይሰጡ ነበር። በጁላይ 1833 ጋዜጣቸው ነፃ ጥቁሮች ወደ ሚዙሪ ስለሚገቡበት ሕግ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የነባሮቹ ቁጣ የፈነዳው ያኔ ነው።

ጁላይ 20 ቀን 1833 በኢንዲፔንደንስ ከተማ የተሰበሰበ ሕዝብ ማተሚያ ቤቱን ወረረ። ማተሚያ መኪናውን ከላይኛው ፎቅ በመስኮት ወረወሩት፤ የእርሳስ ፊደላቱን መንገድ ላይ በተኑ፤ ቤቱንም አፈረሱት። ኤድዋርድ ፓርትሪጅ የሚባለውን ጳጳሳቸውንና ቻርልስ አለን የሚባል ምእመን አደባባይ አውጥተው ገላቸውን ሬንጅ ቀቡና ላባ ነሰነሱባቸው። ያን ጊዜ በመታተም ላይ የነበረ የመገለጦች መጽሐፍ ነበር፤ ያልተጠረዙት ወረቀቶች ሜዳ ላይ ተጥለው ነበር። ሜሪ ኤልሳቤጥ ሮሊንስ የምትባል የ15 ዓመት ልጅና ታናሽ እህቷ ካሮላይን ሰዎቹ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠበቁና የቻሉትን ያህል ወረቀት ታቅፈው ሮጡ። ሲያባርሯቸው በአጥር ክፍተት ሾልከው በቆሎ ማሳ ውስጥ ገቡ። በቆሎው ከቁመታቸው በላይ ነበር። ወረቀቶቹን መሬት ላይ አድርገው ላያቸው ላይ ተኙ። የፈላጊዎቹ ኮቴ አጠገባቸው ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ዛሬ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ የዚያ መጽሐፍ ቅጂዎች ያሉት እንደ እነሱ ያሉ ሰዎች ከመንገድ ላይ በለቀሙት ወረቀት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ሐረርጌ ማሽላ ስጠብቅ አድጌአለሁ። አገዳ መካከል ተኝተሽ ስትተነፍሺ ቅጠሉ እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ አውቀዋለሁ፤ እነዚያ ልጆች ትንፋሻቸውን እንዴት እንደያዙት ሳስብ ደረቴን ይጨንቀኛል።

በዚያው ዓመት በኅዳር ብርድ ከጃክሰን ተባረሩ። በ1836 መጨረሻ ኮልድዌል የሚባል አውራጃ ተከለለላቸው፤ ለጥቂት ጊዜም ሰላም ሆነ።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ አልደብቅሽም፤ ብደብቅሽ መልሴ ግማሽ ይሆናል። በ1838 ሞርሞኖቹም ታጥቀው ነበር። ዳናውያን የሚባል በመሐላ የተሳሰረ ቡድን አቋቁመው በመጀመሪያ ከመካከላቸው የወጡትን ማስፈራራት ያዙ። ሲድኒ ሪግደን የሚባለው መሪያቸው በጁላይ 4 ቀን በዓል ላይ፣ ሰው ከመጣብን በእኛና በእነሱ መካከል የመጠፋፋት ጦርነት ይሆናል ብሎ ሰበከ። «መጥፋት» የሚለው ቃል ከአገረ ገዥው ብዕር በፊት በሞርሞን መድረክ ላይ ተነግሯል። ኦገስት 6 ቀን ጋላቲን ከተማ ውስጥ ሞርሞኖች ድምፅ እንዳይሰጡ ሲከለከሉ ድብድብ ተነሣ፤ በኦክቶበር ደግሞ ሞርሞኖቹ በተራቸው ጋላቲንን ዘረፉ፣ አቃጠሉም። ክሩክድ ወንዝ አጠገብ ከሚሊሻ ጋር ተታኩሰው ሦስት ከእነሱ፣ አንድ ከሚሊሻው ሞተ። ይህ ወሬ ተጋንኖ ቦግስ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው ደብዳቤው የተጻፈው።

በሦስተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 30፣ ሃውንስ ሚል በምትባል የወፍጮ መንደር ከሁለት መቶ የማያንሱ ፈረሰኞች ደረሱ። ትእዛዙ ደርሷቸው ነበር የሚል ማስረጃ የለም፤ ጥላቻው ከደብዳቤው ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሴቶቹ ወደ ጫካ ሮጡ። ወንዶቹ ቀጥቃጭ ቤት ገቡ። የግድግዳው ግንዲላ እርስ በእርሱ የተራራቀ ስለነበር አጥቂዎቹ ጠብመንጃቸውን በክፍተቱ እያስገቡ ተኮሱ። 17 ሰው ሞተ። አንድ ሽማግሌ ጠብመንጃውን ከተቀማ በኋላ በበቆሎ ማጨጃ ተቆራረጠ። ሳርዲየስ ስሚዝ የሚባል የ10 ዓመት ልጅ ከወናፉ ሥር ተደብቆ ተገኘና ተገደለ፤ ለምን ሲባል «ቅጫም አድጎ ቅማል ይሆናል» የሚል መልስ መሰጠቱን የተረፉት መስክረዋል። እናቱ አማንዳ ስሚዝ ስትመለስ ባሏም ልጇም ሞተው፣ ትንሹ አልማ ደግሞ የዳሌው አጥንት በጥይት ተወስዶ አገኘችው። ጸለየች። ከምድጃው አመድ ወስዳ በውኃ አጥልላ በጨርቅ እየነከረች ቁስሉን አጠበችለት፤ የዛፍ ሥር ወቅጣም ለጠፈችበት። አምስት ሳምንት ያህል በደረቱ ተኝቶ ዳነ። ሙታኑን የሚቀብር ጉልበት ስላልነበረ ተቆፍሮ ያላለቀ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ አወረዷቸው።

የተቀጣ አለ ወይ ብለሻል። የለም እህቴ። በሃውንስ ሚል ግድያ አንድ ሰው እንኳ ለፍርድ አልቀረበም። የታሰሩት ጆሴፍ ስሚዝና ጓደኞቹ ናቸው፤ ሊበርቲ በምትባል ከተማ እስር ቤት ክረምቱን አሳለፉ። እዚያም ባልደረሱ ነበር። ጄኔራል ሉካስ በጦር ፍርድ ፈርዶ፣ ጠዋት አደባባይ ላይ ይረሸኑ ብሎ ለበታቹ ለአሌክሳንደር ዶኒፈን ጽፎለት ነበር። ዶኒፈን በሙያው ጠበቃ ነው፤ ሞርሞን አይደለም። የመለሰውም፦ «ይህ በቀዝቃዛ ደም የሚፈጸም ግድያ ነው። ትእዛዝህን አልፈጽምም። እነዚህን ሰዎች ብትገድል በምድራዊ ፍርድ ቤት ፊት አንተን ተጠያቂ አደርግሃለሁ።» ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት! አለቃው ነው። ጦር ሜዳ ነው። ሰውዬው ግን ስለ ፍርድ ቤት ያወራል።

ከ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ሚዙሪን ለቆ በክረምት ወደ ኢሊኖይ ተሰደደ፤ የኩዊንሲ ከተማ ሰዎች ሃይማኖታቸውን ሳይጠይቁ ቤታቸውን ከፈቱላቸው። ደብዳቤው ደግሞ ሳይሻር ከ137 ዓመት በላይ ቆየ። ጁን 25 ቀን 1976 የሚዙሪ አገረ ገዥ ክሪስቶፈር ቦንድ ሽሮት፣ ለደረሰው በደል ማዘኑን ገለጸ።

ለልጅሽ ቡና ስትልኪ፣ ለአከራዮቹ የሐረርጌ ማር ጨምሪላቸው።

«ጋሼ፣ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነኝ። ጆሴፍ ስሚዝ በመንግሥት ጥበቃ ሥር፣ እስር ቤት ውስጥ ተገደለ፤ የተከሰሱትም ነፃ ወጡ የሚል አንብቤ ገረመኝ። ሕገ መንግሥታቸው የሃይማኖት ነፃነት ይል የለም እንዴ? ሕጉ ምን ጎደለው?»

ልጄ፣ የመጀመሪያውን ቶሎ ልመልስልህ። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመብት ድንጋጌዎች የሚያስሩት የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነበር። ይህን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግልጽ የበየነው በ1833 ነው፤ ማተሚያው በተሰበረበት በዚያው ዓመት መሆኑን ልብ በል። ስለዚህ ሞርሞኖች በመቶ የሚቆጠር በመሐላ የተረጋገጠ አቤቱታ ይዘው ዋሽንግተን ሲሄዱ፣ የሴኔቱ ኮሚቴ በ1840 ወደ ሚዙሪ ፍርድ ቤት ሂዱ አላቸው። ወደ ሚዙሪ! ፕሬዚዳንት ቫን ቢረንም፣ ጆሴፍ ስሚዝ እንደተናገረው፣ ጉዳያችሁ እውነት ነው ግን ምንም ላደርግላችሁ አልችልም አላቸው። ያን ክፍተት መዝጋት የተጀመረው ከእርስ በእርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868 በ14ኛው ማሻሻያ ነው።

አሁን ወደ ግድያው። ሞርሞኖቹ ኢሊኖይ ውስጥ ናቩ የምትባል ከተማ ሠሩ። ጆሴፍ ስሚዝ የሃይማኖቱ መሪ፣ የከተማው ከንቲባና የሚሊሻው አዛዥ ሆነ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ምን እንደሚያመጣ የሕግ ተማሪ አይጠፋህም። በጁን 7 ቀን 1844 ከእሱ የተለዩ የቀድሞ ተከታዮቹ ጋዜጣ አወጡ፤ በድብቅ ብዙ ሚስት ያገባል፣ ሥልጣንንም ጠቅልሏል ብለው ጻፉ። የከተማው ምክር ቤት ጋዜጣውን የሕዝብ ጠንቅ ነው ብሎ በየነና ጁን 10 ቀን ማተሚያው ተሰበረ፤ ፊደላቱም መንገድ ላይ ተበተኑ። አዎ፣ አንተም አየኸው። ከ11 ዓመት በፊት በእነሱ ላይ የተሠራውን እነሱ በሌላው ላይ ሠሩት። ከሳቢያኗ እናት ጥያቄ ላይ ስለ በቆሎው ማሳ ያስረዘምኩት ለዚህም ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የእነዚያን ልጆች ታሪክ ያውቅ ነበር፤ ይህን ይቅር ልለው ሞክሬ አልቻልኩም።

ያም ሆኖ ለዚያ ቅጣቱ ሞት አይደለም። በሁከት ተከሰሰ፤ በከተማው የጦር ሕግ በማወጁም የአገር ክህደት ክስ ተጨመረበት። አገረ ገዥው ቶማስ ፎርድ ደኅንነትህን አረጋግጣለሁ ስላለው ካርቴጅ ወደምትባል የኢሊኖይ ከተማ ሄዶ እጁን ሰጠ። ጁን 27 ከሰዓት በኋላ ፊታቸውን ያጠቆሩ የታጠቁ ሰዎች እስር ቤቱን ወረሩ። ወንድሙ ሃይረም በሩ አጠገብ ወደቀ። ጆሴፍ በድብቅ በገባለት ሽጉጥ መልሶ ተኩሶ ነበር፤ በመስኮት ሲወጣ ተመትቶ ሞተ። አብሯቸው የነበረው ጆን ቴይለር በብዙ ጥይት ቆሰለ፤ ዊላርድ ሪቻርድስ ደህና ወጣ።

በሜይ 1845 አምስት ሰዎች ለፍርድ ቀረቡ፤ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ የግዛቱ ሴናተር፣ የሚሊሻ ኮሎኔል አሉባቸው። ለጁሪነት፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው እንዲወስኑ፣ በመጀመሪያ የተመረጡት ሰዎች ለሞርሞን ያደላሉ ተብሎ ተሰናብተው አዲስ አሥራ ሁለት ተመረጡ፤ አንድም ሞርሞን አልነበረባቸውም። ከሁሉ የሚያመኝ ግን እሱ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ የነበሩትና ሁሉን ያዩት ቴይለርና ሪቻርድስ አልመሰከሩም። ካርቴጅ ተመልሶ መግባት ሞት ነው ብለው ቀሩ። ሜይ 30 አምስቱም ነፃ ወጡ። የሃይረም ግድያ ጉዳይ በጁን ሲቀጠር ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ሳይመጣ ቀረና መዝገቡ ተዘጋ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ስሙን የማልጠራው ፍርድ ቤት ውስጥ ስሠራ፣ በሌሊት ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መዝገብ ነበረን። አሥራ አንድ ምስክር ተቆጠረ። የአሥራ አንዱንም መጥሪያ በእጄ ጻፍኩ። በቀጠሮው ቀን ችሎት ፖሊሱ በረንዳ ላይ ወጥቶ ስማቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ ጠራ። ከድምፁ ሌላ የሚሰማ አልነበረም። ባለቤቱ ከተቃጠለው ቤት ያወጣውን ግማሹ የነደደ የበር ቁልፍ በመሐረብ ቋጥሮ ይዞ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። መዝገቡ በማስረጃ እጦት ተዘጋ፤ ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ከዓመት በኋላ ከምስክሮቹ አንዷን አሸዋ ገበያ ሽንኩርት ስትመዝን አገኘኋትና ለምን ቀረሽ አልኳት። «አንተ መዝገቡን ዘግተህ ቤትህ ትገባለህ። እኔ ውኃ የምቀዳው ከእነሱ ጋር ከአንድ ቦኖ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ ሕጉ ምን ጎደለው ብለህ ስትጠይቀኝ፣ የካርቴጁ መዝገብ ላይ አንቀጽ አልጎደለም። ክስ ነበር፣ ዳኛ ነበር፣ ጁሪ ነበር፣ ቃለ መሐላም ነበር። የጎደለው ምስክር በሰላም ገብቶ በሰላም የሚወጣበት በር ነው። ተመርቀህ ዐቃቤ ሕግ የሆንክ እንደሆነ፣ ከክስ ማመልከቻው በፊት ምስክርህ ውኃ ከማን ጋር እንደምትቀዳ ጠይቅ።

«ለሞርሞኖች ታዝናለህ ተብዬ ነው የምጽፍልህ። በ1857 መንገደኞችን ከነሴቶቻቸው የፈጁት እነሱ አይደሉም? የተበደለ ሁሉ ንጹሕ ነው?»
አንባቢ፣ ከሐረር ሸዋ በር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከሐረር መምጣቱ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ራሴ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በሐረር በኩል ነውና። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በጃንዋሪ 1855 ጀጎል ገብቶ፣ በአሚር አሕመድ ከተማ አሥር ቀን ተቀምጦ እንደወጣ ታውቃለህ። በ1860 ያው ሰው ሶልት ሌክ ሲቲ ሄዶ የሞርሞኖቹን መሪ ብሪገም ያንግን አነጋገረ። እኔም ስለ ሐረር ሳነብ እግሩን ተከትዬ እዚያ ደረስኩ። እሱ ዩታ፣ ሞርሞኖቹ ኢሊኖይን ለቀው የሰፈሩባት ሶልት ሌክ ሲቲ ያለችበት ምድር፣ የገባው አንተ ከምትጠይቀኝ ነገር ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

አዎ፣ እነሱ ናቸው። በ1857 የፌዴራሉ ጦር ወደ ዩታ እየገሰገሰ ነበር። ሚዙሪን ያዩ ሰዎች ደግሞ ሊያጠፉን መጡ ብለው ፈሩ። ከአርካንሶ ተነሥቶ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄድ የጋሪ ጉዞ በዚያው ወራት በአገራቸው አለፈ። ማውንቴን ሜዶውስ በሚባል ሜዳ ላይ የአካባቢው የሞርሞን ሚሊሻ፣ ከጎኑ ያሰለፋቸውን፣ ፓዩት ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ አንዳንድ ሰዎች ይዞ አጠቃቸው። ለአምስት ቀን ከበቧቸው። ሴፕቴምበር 11 ጆን ሊ ነጭ ሰንደቅ አስይዞ ገባና መሣሪያችሁን አስረክቡ፣ በሰላም እናወጣችኋለን አላቸው። አመኑት። በሰልፍ አስወጥተው 120 ያህል ሰው ፈጁ፤ የተረፉት 17 ሕፃናት ናቸው፤ አይናገሩም ተብለው የተተዉ። በ1859 ለዘመዶቻቸው ተመለሱ።

ፍርዱ እስኪመጣ 20 ዓመት ገደማ ፈጀ። ዘጠኝ ሰው ተከሶ የተፈረደበት ሊ ብቻ ነው። በ1875 ጁሪው አልተስማማም፤ በ1876 ሞርሞን ብቻ የሆነ ጁሪ ጥፋተኛ አለው። ማርች 23 ቀን 1877 እዚያው ሜዳ ላይ፣ በሬሳ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ተረሸነ። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ለዓመታት እየሸሹና እየተደበቁ ኖሩ።

የተበደለ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የአማንዳ ስሚዝ ልጅ ግን ወናፍ ሥር የተደበቀው ከዚህ ሁሉ 19 ዓመት በፊት ነው፤ የአርካንሶዎቹም ልጆች ሃውንስ ሚልን አያውቁትም። ለሁለቱም አዝናለሁ፤ ለአንዱ ማዘኔ ከሌላው ላይ የሚቀነስ ሆኖ አላገኘሁትም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከበባው በተጀመረበት ዕለት ጄምስ ሃዝላም የሚባል ፈረሰኛ ምን እናድርግ የሚል ደብዳቤ ይዞ ከሴዳር ሲቲ ወደ ብሪገም ያንግ ጋልቦ ነበር። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከድሬ ናዝሬት ያህል። በሦስት ቀን ደረሰ፤ መልሱንም ይዞ ወዲያው ተመለሰ። መልሱ መንገደኞቹን እንዳትነኩ ይላል። ሃዝላም ሴዳር ሲቲ የገባው ሴፕቴምበር 13 ነው። የከተማው መሪ አይዛክ ሃይት ደብዳቤውን ከፍቶ አነበበና እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ሃዝላም እንደመሰከረው «ዘገየ፣ ዘገየ» ብቻ ነበር የሚለው።